የእማማ ኡሜኖ ውሸት

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኬንት ከተማ ባለው አፓርታማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ዝናቡን ስሰማ በሩ ተንኳኳ። እዚህ አገር ሳይደወል የሰው ቤት አይኬድም፤ ዕቃ አድራሽ ይሆናል ብዬ ከፈትኩ። ቀጠን ያለች፣ ጥቁር የሱፍ ካፖርት የለበሰች እስያዊት ሴት ቆማለች። ካፖርቷ ዝናብ ጠጥቷል። የረጠበው ሱፍና ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚጣለው የካምፎር ሽታ ተቀላቅለው አፍንጫዬን ሲመቱኝ፣ ሴትየዋ ገና አፏን ሳትከፍት እኔ ኬንት አልነበርኩም። የድሮ ሰፈሬ ሬኒየር ቫሊ፣ ጎረቤቴ የነበሩት እማማ ኡሜኖ ቤት፣ ያ ጨለምለም ያለ ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ነበር።

«አስካለ ኦባሳን?» አለችኝ።

ኦባሳን በጃፓንኛ አክስቴ እንደማለት ነው። በዚህ ስም የጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር።

«ሂና ነሽ እንዴ?»

ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ጫማዋን አውልቃ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ አስቀመጠችና ገባች። አድራሻዬን ከልጄ ከሰላም በኢንተርኔት ጠይቃ እንዳገኘች፣ እሷም እንደ እናቷ ልብ ወለድ ጸሐፊ እንደሆነች፣ ሁለት መጽሐፍ አሳትማ ሦስተኛውን እንደጀመረች ነገረችኝ። ሻይ አቀረብኩላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ከመጠጣቷ በፊት እንፋሎቱን ጥቂት ተመለከተች። ያ አያያዝ የእናቷ ነበር፤ እናቷም ከእማማ ኡሜኖ የወሰደችው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ያን ቀን ደሴቷ ላይ ኡሜኖ ሰንሴይ ለእናቴ ምን አሏት? እናቴን ስጠይቃት ‹እውነቱን ነገሩኝ› ብቻ ነው የምትለኝ።»

ሰንሴይ መምህር ማለት ነው። እኔ ስኳር ያልጨመርኩበትን ሻይ ማማሰል ጀመርኩ።

ያኔ ሬኒየር ቫሊ የከተማ ባቡሩ ገና አልገባበትም ነበር። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነበር ሁሉ ነገራችን። ከላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር የሚሄደው፤ መጠምዘዣ ላይ መንጠቆው ከሽቦው እየተላቀቀ ይቆምና ሾፌሩ በዝናብ ወርዶ በገመድ እየጎተተ እስኪመልሰው ድረስ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ስንቱ ጋብቻ እዚያ እንደተጀመረ! ማዕዘኑ ላይ የኛ ሰው ሱቅ ነበር፤ በርበሬና ካሴት አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ አዲስ ካሴት ከፍተን ስንሰማ ያስነጥሰን ነበር። ካሴቱ ሲጣበቅ በእስክሪብቶ እያሾርን እናጠነጥነዋለን። ቤንዚን ጋሎኑ በአንድ ዶላር ከምናምን ነው፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ይነዳ ስለነበር ሳንቲም በጨመረ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ለቅሶ ነው። ልብሳችንን ከዋይት ሴንተር፣ ከአሮጌ ልብስ ቤት ነበር የምንገዛው። ትከሻው ሰፍነግ ያለበት አንድ ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረኝ፤ እሱን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች ያዩኝ ነበር። ዛሬ ያ ካፖርት የት እንደገባ አላውቅም። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ሌሊት ይበላሻሉ እየተባለ፣ ሰው ውሃና ሩዝ እያጠራቀመ የሚኖርበት ሰሞን ነበር። ማንም በግልጽ አይናገረው እንጂ አንድ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ስሜት አየሩ ላይ ነበር።

እኔ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር ከፍቼ ሕፃናት እጠብቃለሁ። የኛ ልጆች፣ የሶማሌ ልጆች፣ የቬትናም ልጆች፣ ሁሉም በየቋንቋው ሲያለቅስ ይውላል። ጎረቤቴ ግራጫ ቀለም የተቀባ ጠባብ ቤት ነው፤ መጋረጃው ተከፍቶ አያውቅም። ግቢው ውስጥ አንድ የቴምር ሜዳ ዛፍ ነበር፤ ቴምር ሜዳ እኛ የሰጠነው ስም ነው፣ ጃፓኖች ካኪ ይሉታል፤ በመጸው ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ብርቱካንማ ፍሬው ብቻ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል፣ ቁራዎች ይሰፍሩበታል። አልፎ አልፎ ካሜራ ያንጠለጠሉ ጃፓናውያን ወጣቶች አጥሩ ጋ መጥተው በዝምታ ቆመው፣ እጅ ነስተው ይሄዳሉ። መቃብር ይመስላቸዋል እንዴ እል ነበር።

አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ራሳቸው መጡ። ነጭ ፀጉራቸው አጭር የተቆረጠ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ አሮጊት ናቸው። ስለ ልጆቹ ጩኸት ሊከሱኝ ነው ብዬ ክው አልኩ። እሳቸው ግን በሰሃን ፍሬ ይዘው ነበር።

«ሳዬ ኡሜኖ እባላለሁ» አሉኝ። «የልጆቹን ድምፅ እወደዋለሁ። የምፈራው ዝም ሲሉ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ስጨርስ እየሄድኩ አብሬያቸው ሻይ እጠጣለሁ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማወራቸው፣ እማማ መባልንም አስለመድኳቸው፤ እሳቸውም በአገራቸው የአክብሮት ልማድ አስካለ ሳን ይሉኛል። አገራቸው ውስጥ ትልቅ ስም ያላቸው ጸሐፊ መሆናቸውን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያም እሳቸው ሊኩራሩ ብለው ሳይሆን፣ ሰላም ልጄ ሽልማት ሲቀበሉ የተነሱትን ፎቶ ግድግዳ ላይ አይታ «ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ሽልማት የሰጡሽ?» ብላ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃቸው ነው።

«ስለ አንድ መጥፎ ነገር ጥሩ አድርጌ ስለጻፍኩ» አሏት። ልጄ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው አንድ ትልቅ ደራሲ ደቀ መዝሙር አድርጎ ተቀበላቸው። ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ሐዘን ሳይጠራ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማራቸው እሱ ነው። ያ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ተራራ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር፤ እሱም ይህን ያየው ከራሱ መምህር ነው። ደቀ መዝሙሮቹን «ተዉ» ብሎ አዞ አያውቅም። ግን ልጅ ያላቸው፣ ትዳር ያላቸው ሲጽፉ ያነብና ዝም ይላል፤ ሁሉን የተዉት ሲጽፉ ያመሰግናል። በቃ ይኸው ነው። እማማ ኡሜኖ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ድረስ ይዘውት ሄደው፣ ለባላቸው እናት አስረክበው፣ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ መዳፉ ላይ አስቀምጠው፣ «ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» ብለው ባቡሩ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ አንዲት እናት፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ አንድ ከረሜላ መጽሐፍ ጻፉ። አገር አለቀሰበት። ትምህርት ቤት ይማሩታል አሉኝ። ልጁ አድጎ አንድም ቀን ሊያያቸው አልፈለገም። እሳቸውም ያ መጽሐፍ ካለበት አገር መራቅ ፈልገው እዚህ መጡ፤ ግን በመጽሐፉ ገንዘብ ቫሾን ደሴት ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ ገዝተው፣ መጻፍ ሲያሰኛቸው በጀልባ ተሻግረው እዚያ ይከርማሉ።

«ይቆጭዎታል?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

መስኮቱን አዩ። መጋረጃው ስለተዘጋ የሚታይ ነገር የለም። «መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ አስካለ ሳን» አሉኝ። «አስቸጋሪው ነገር እሱ ነው።»

ካዮኮ የመጣችው በዚያው ዓመት በበጋው መጨረሻ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ልብ ወለድ ጽፋ የአገሯ ጋዜጦች የኡሜኖ ወራሽ ብለዋት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የእማማን መጽሐፍ አንብባ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው መሆን አልቻልኩም ብላ ነው ባሏን ቶኪዮ አስቀምጣ ሴት ልጇን ይዛ ባሕር ያቋረጠችው። ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤት፣ ተከራየች። ሂናን እኔ ዘንድ አስገባቻት። ካዮኮ ደግ፣ ትሑት ሴት ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ እንኳ አንቱታ ያለበት ይመስል ነበር። ልጅቷን ታስረክበኝና ቀጥታ ወደ ግራጫው ቤት ትገባለች።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። እማማ ኡሜኖ ፊታቸው ፈካ፣ መጋረጃውም በአንድ በኩል ተከፈተ። ሁለቱ ሲያወሩ ቋንቋው ባይገባኝም የአንዷ ድምፅ በሌላዋ ውስጥ ሲገባ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ካዮኮ ረጅም ፀጉሯን አስቆረጠች። ቀጥሎ ግራጫ ሹራብ ለበሰች። ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ ጀመረች። እማማ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ጥቂት ይቆሙ ነበር፤ አንድ ቀን ካዮኮ ሂናን ልትወስድ መጥታ ከሶፋዬ ስትነሳ፣ ምንም ያላመማት ወጣት ሴት፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ጥቂት ቆመች። አላወቀችውም። ባለቤቴን ጠርቼ «አየህ?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። ወንዶች አያዩም።

ሂናን መውሰጃ ሰዓቷም እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ትመጣ ነበር፤ በኋላ እኛ እራት ስንበላ፣ ኋላም ልጅቷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ። ሂና «ነይ» እና «ውሃ» እና «በቃ» ማለት ለምዳ ነበር፤ ስትመጣ ተጫዋች ነበረች። በኅዳር ጾም መግቢያ ግን ዝም አለች። እናቷ ስትመጣ አትሮጥም። ቆማ ትጠብቃለች፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

አንድ ጠዋት ሌሎቹን ልጆች ሳበላ ሂናን ጥግ ላይ አየኋት። አሻንጉሊቷን በሩ ሥር አስቀምጣለች። ናፕኪን ቀድዳ፣ አንድ የመጫወቻ ብሎክ ጠቅልላ፣ አሻንጉሊቷ ጭን ላይ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ኋላ ሳታይ ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ተከተልኳት። ግድግዳ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆማለች። «ምን እየተጫወትሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ?» አልኳት። በእናቷ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ «ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ።

ልጆቹን ያን ቀን ትምህርት ላልነበራት ለሰላም ጥዬ፣ በነጠላ ጫማ ወደ እማማ ኡሜኖ ሮጥኩ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ወረቀቱ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«ነጭ።»

«በመኝታ ሰዓት የኔን መጽሐፍ ታነብላታለች» አሉኝ። «ነግራኛለች። ድምፁን እንድትለምደው ብላ። እኔም... እኔም ደስ አለኝ።»

«እማማ፣ ልጅቷን ልትተዋት ነው። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯትም?»

ውጪ ቁራዎቹ ፍሬው ላይ ይጣላሉ። «ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ኖርኩ» አሉኝ። «አሁን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ የጻፈችውን ስታነብልኝ የራሴን ድምፅ ከወጣት ጉሮሮ እሰማለሁ። መምህሬ ምን ይሰማው እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። እሱም ‹ተዪ› አላለኝም። ዝም ነው ያለው። እኔም ዝም እያልኩ ነው።» ከዚያ አዩኝ፤ ፍርሃት የሞላበት አስተያየት ነበር። «ትናንት የጎጆዬን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።»

ያን ዕለት ካዮኮ ስትመጣ በር ላይ አስቆምኳት። ልጅቷ እያየች ነው፣ ሁሉም ነገር እየገባት ነው አልኳት። ካዮኮ አንገቷን ደፍታ በትሕትና ሰማችኝ። «አስካለ ሳን፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት» አለችኝ። «ዕድሜዬን በሙሉ የፈለግኩት ዓረፍተ ነገር እየመጣ ነው። በጣም ቀርቧል። ከመጣ በኋላ ጥሩ እናት እሆናለሁ።» ተረጋግታ ነው ይህን ያለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ከወትሮው የበለጠ ትልቅ ቦርሳ ይዛ መጣች። የክረምት ልብስ ነበረበት፣ ልጅቷ ተሸፋፍና የምትተኛበት ብርድ ልብስም ነበረበት። ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ሂና መዳፍ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠች። ከውስጥ ሆኜ ነጩን ወረቀት አየሁት። እጄ ላይ ሕፃን ይዤ ስለነበር ወደ በሩ እስክደርስ እሷ መንገዱን ተሻግራ ነበር። ጮኼ ጠራኋት። ሰባት ቁጥር መጣ፤ ሄደች። ሂና አላለቀሰችም። ከረሜላውን ሳትፈታ ቀኑን ሙሉ ይዛው ዋለች፤ ማታ እጇን ስንከፍት ቀልጦ ወረቀቱ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ኡሜኖ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጥቁር የሱፍ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ የካምፎር ሽታው ከሩቅ ይመጣል። «መኪናሽን አምጪ» አሉኝ። ሂናን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስረን፣ አሮጌዋን ቶዮታ አስነስቼ መኪና ጭኖ ወደሚያሻግረው ጀልባ ወረድን። ጭጋጉ ባሕሩን ውጦታል። ጀልባው ውስጥ ፓርክ አድርገን ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ቁጭ አልን፤ ከፊት ምንም አይታይም፣ በየደቂቃው ጡሩንባው ብቻ ያንባርቃል። ጡሩንባው በጮኸ ቁጥር ሂና ዓይኗን ትጨፍናለች። እማማ ካዮኮን ምን ሊሏት ነው? እያልኩ አስባለሁ። ተመለሺ ቢሏት፣ እርስዎ መቼ ተመለሱ? ትላለች። ሊያዝዟት ቢሞክሩ፣ የሚያዝዙበት አፍ የላቸውም።

ጎጆዋ ከጥድ ዛፎቹ መሃል ናት። በሩ አልተቆለፈም። ካዮኮ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ትጽፋለች፤ ምድጃው አልነደደም፣ ትንፋሿ ይጨሳል። ቀና አላለችም። ሂና ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አልገባ አለች። እናትና ልጅ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው አልተያዩም።

እማማ ኡሜኖ ወረቀቶቹን ሰበሰቡና መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ልጅቷን ይዤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድኩ። ድንጋይ ወረወርን። ስንመለስ እሳቸው የመጨረሻውን ገጽ ይዘው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። እኔም እንድሰማው ብለው ይመስለኛል።

«ጥሩ አይደለም፣ ካዮኮ ሳን። የኔ መጽሐፍ ነው፤ ደክሞ የተጻፈ። ችሎታ የለሽም። ቀድሞም አልነበረሽም፤ ብቸኛ ስለነበርኩ ነው ያልነገርኩሽ። ልጅሽን ይዘሽ ወደ ባልሽ ተመለሺ።»

ካዮኮ ቀና አለች። ረጅም ጊዜ እማማን አየቻቸው፣ ዓይን ለዓይን። ከዚያ ግንባሯ ጠረጴዛውን እስኪነካ አጎነበሰች። ተነሳች፤ ወደ በሩ ሄዳ ሂናን አቀፈቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እንጨት ሆነች፤ ቆይታ ነው ክንዷን አንገቷ ላይ የጣለችው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ እናትና ልጅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። እማማ ኡሜኖና እኔ መኪናው ውስጥ ቀረን። ያኔ ነው፣ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ፣ «ከኔ ይበልጣል» ያሉኝ። «ከመምህሬም ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላነበብኩም።» እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ሌላ አላሉም፣ ለማንም አትንገሪም አላሉኝም።

ካዮኮ ከገና በፊት አገሯ ገባች። እማማ ኡሜኖ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፉም፤ ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ። ባቡሩ መጣ፣ ኪራይ ተወደደ፣ እኛም እንደ ብዙው ሰው ወደ ኬንት ወጣን። ግራጫው ቤት ፈርሶ ዛሬ ረጅም አፓርታማ ቆሞበታል፤ ሥሩ የስፖርት ቤት ነው፣ ሰዎች በመስታወት ውስጥ ባሉበት ይሮጣሉ።

ሂና ብርጭቆውን አቅፋ መልሴን ትጠብቃለች።

«እናትሽ እንዴት ናት?» አልኳት መጀመሪያ።

«ኦሳካ ነው ያለችው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ነች። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጣች። ጥሩ እናት ነበረች» አለችኝ። «አንድም ቀን ስትጽፍ አይቻት አላውቅም። እኔ የኡሜኖን መጽሐፍ ያነበብኩት ትምህርት ቤት ነው። ሳነበው ከረሜላው የቱ ገጽ ላይ እንደሚመጣ ቀድሜ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ።»

ሰው እንዲህ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ሲጠይቅ መዋሸት ከበደኝ። እናቷም ችሎታ እንደሌላት አምና ዕድሜዋን መጨረሷ አሳዘነኝ። ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ጀልባው ላይ የተባለውንም ነገርኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ብርሃን መጣ፤ ያን ብርሃን አውቀዋለሁ። ካዮኮ ደጃፌ ላይ «በጣም ቀርቧል» ስትለኝ ፊቷ ላይ ያበራው እሱ ነበር።

«እንግዲያው ይቻላል ማለት ነው» አለች ለራሷ። «እናቴ ደርሳበት ነበር።»

«ሂና፣ ልጅ አለሽ?»

«ወንድ ልጅ። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ከማን ጋር ነው?»

«ከእናቴ ጋር። ቫሾን ላይ ለክረምቱ ቤት ተከራይቻለሁ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው።»

«እናትሽን በቪዲዮ ኮል አድርጊልኝ» አልኳት። እዚያ ጠዋት ነበር። ስክሪኑ ላይ ሽበት የወረሳት ሴት መጣች፣ ደረቷ ላይ ሽርጥ አለ፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ስታየኝ ስሜን ጠርታ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ፊቴን አንብባ «ነገሯት?» አለችኝ።

«ነገርኳት፣ ካዮኮ። ውሸት ነበር የነገሩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔም አውቄው ነበር። የራሱን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ጸሐፊ የለም። ግን ሰንሴይ ለኔ ብለው ዋሹ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በወረቀት ላይ አንድ የውሸት ቃል አስቀምጠው የማያውቁ ሰው። ያን ካደረጉልኝ በኋላ እንዴት እዚያ እቀመጣለሁ?» ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ስክሪኑ አቀረበችው። «እናትህ ናት፣ ሰላም በላት» አለችው።

ልጁ ሂናን አያት። ወደ አያቱ ዞሮ እንደገና አያት። ከዚያ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳስተማሩት፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በጨዋ ደንብ እጅ ነሳት።

ሂና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ለረጅም ጊዜ እጇን ከላዩ ላይ አላነሳችም። «ሰኞ እመለሳለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ትኬቴን እቀይራለሁ።» አቅፌ ሳምኳት፤ ባቡር ጣቢያው ድረስ በዝናብ ሸኘኋት። እያዘንኩም ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ሰኞ አልሄደችም። ማክሰኞም፣ በሳምንቱም። ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሰላም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ደሴቷ ድረስ ነዳችኝ። ሂና በሩን ከፍታ፣ በትሕትና እጅ ነስታ፣ ጉድጓድ የገባ ዓይኗን ሰብራ «በጣም ቀርቧል፣ ኦባሳን» ብላኝ ዘጋችው። ሰላም መኪናው ውስጥ ስንገባ «ማም፣ ሺ ኢዝ ኖት ኦኬ፤ ደህና አይደለችም» አለችኝ።

አሁን ክረምቱ አልፎ የቼሪ ዛፎቹ አብበው ረግፈዋል። ካዮኮ በየእሑዱ፣ ከቅዳሴ ስመለስ ጠብቃ ትደውልልኛለች። ወጣች? ትለኛለች። አልወጣችም እላታለሁ። ባለፈው እሑድ ታዲያ መታገሥ አቅቶኝ ተናገርኳት።

«አንቺ ራስሽ ለምን አትነግሪያትም? የጻፍሽው ጥሩ አይደለም፣ ነይ ግቢ ለምን አትያትም? አንቺን እንደመለሱሽ!»

«እኔን አታምነኝም፣ አስካለ ሳን» አለችኝ። «ለሷ እናቷ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። መጽሐፍ የለኝም። እኔን የመለሰኝ ከኔ በላይ የነበረ ሰው ነው። ሂና ግን ከበላይዋ ማንም አልቀረም። ማን ይዋሽላት?»

ከኋላዋ ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ «እማዬ!» ብሎ ሲጣራ ሰማሁት። ካዮኮ «መጣሁ» አለችውና ስልኩን ዘጋች።